ምድር ናት ወይስ እኔ

ሃያ ስድስት ዓመት በቫልፓራይሶ፣ በወደቡ አደባባይ፣
የሽቦ አውቶቡስ ነዳሁ፣ ሁለት ቀንዱን የሚዘረጋ ወደ ሰማይ።
ቀንዱ ከሽቦው ሲያመልጥ፣ መብራቱ ድርግም፣ ሞተሩ ጭጭ፤
ወርጄ፣ ገመዱን ስቤ፣ ሳገናኘው፣ ሰማያዊ ብልጭ፤
ከዚያ መንገድ። የሚቀረኝ የተሳፋሪው ንጭንጭ።

ዘንድሮ ግን ያ ቀንድ የሚያመልጠው ከራሴ ቅል ውስጥ ነው።
ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር፣ ትዝዝ፤ ዓለሙ ለቅጽበት ባዶ ነው፤
ደግሞ ብልጭ። ደግሞ ትዝዝ። ንዝረት ከጥርሴ እስከ ጣቴ፤
ወርጄ የምስበው ገመድ የለ፣ እኔው ነኝ መኪናው፣ በሞቴ።

ክኒኑን አራት ዓመት ዋጥኩ። ለምን እንደጀመርኩ ይቆየኝ፣
እሱ ሌላ ግጥም ነው። ደግ ነበር፤ ከአልጋ አንስቶ አቆመኝ።
በየካቲት፣ ፀሐይ ባሕሩን ስትልሰው፣ "ድኛለሁ" አልኩና
ፓኬቱን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩና፣
ሦስት ቀን፣ ሦስት ቀን ብቻ፣ ተራመድኩ እንደ ጤና።

በአራተኛው ላብ፤ የሞቱ ሰዎች በህልሜ ትኬት ሲጠይቁ፤
የሳሙና ማስታወቂያ አይቼ እንባዎቼ ሲፈልቁ፤
ድመቷ ላይ የጮህኩበት፣ ድመቷም የሸሸችበት፣
ወለሉ እንደ ጀልባ ሲዋልል እግሬ መሬት ያጣበት።

ይህ ደግሞ ምድሩ የሚንቀጠቀጥ ከተማ ነው፤ እንዴት ልለይ?
ጠረጴዛው ላይ ውሃ በብርጭቆ አኖርኩ፣ እሱን እንዳይ፦
ከተናወጠ፣ ምድር ናት። ከረጋ ግን፣ እኔ ነኝ።
መቶ ጊዜ ጠየቅሁት። መቶ ጊዜ ረግቶ መለሰልኝ።

"አየሽ ኦርፌሊና፣ በሽታሽ ተመለሰ" አለች ኤርሚንዳ፣ ጎረቤቴ፤
ቃሏ እንደ እሾህ ተሰክታ አደረች፣ ከጎን አጥንቴ።
ዶክተር ኢባካቼ ግን፣ ልጅ እግሩ፣ ጫማው ያልተቀባ፣
"በሽታው ሲመጣ በጓሮ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳትሰሚ የሚገባ፤
ይሄኛው በአራተኛው ቀን፣ በፊት በር፣ በሩን ገንጥሎ መጣ።
ሰውነትሽ ነው፤ የለመደው እንግዳ ሳይሰናበተው ቢወጣ።
ደሞስ በዚህ ከተማ፣ ሺህ ደረጃ እያለ፣ ከኮረብታ ይዘለላል?
በደረጃው እንውረድ" አለኝ፤ "ቢዘገይም ይደረሳል።"

እንደገና ዋጥኩ። እንደገና ረጋሁ። ከዚያ፣ እሱ ባዘዘኝ ልክ፣
እንክብሉን ከፍቼ፣ ነጫጭ ፍሬዎቹን በጥቁር ሳህን ስዘረክክ፣
በስንጥር እየነጠልኩ፣ ወር በወር ጥቂት ጥቂት ስቀንስ፣
ሶፋኖር ይመጣል፣ የጋራዣችን መካኒክ፣ ዓሣ ይዞ በፌስታል፤
አጉሊ መነጽሩን ያጠልቃል፣ ከኔ ጋር ይቆጥራል።
"አይዞሽ" አይልም። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው
መድኃኒት ቤት አይሸጥም፤ ብፈልግም አላገኘው።
አንድ ቀን "ስልሳ ሦስት" ሲል አነጠሰ! የቀኑ ድርሻዬ በነነ፤
ሁለት አሮጌ ሰዎች በእንብርክክ፣ ከሶፋው ስር፣ ፍሬ ስንለቅም፣
"ዕድሜ ልኬን" አለ አዝኖ፣ "ብሎን ጠፍቶብኝ አያውቅም።"

ቀን ቀንን እየገፋ፣ በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አልጋው ተነቃነቀ።
እንደ ልማዴ ውሃውን አየሁ።
ውሃው ዘሎ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀ!
ውሾች ጮኹ። ሰፈሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደረጃው ላይ ወጣ፤
እኔ ብቻ በሌሊት ልብሴ፣ ሳቄ ከሆዴ እየመጣ፣
"እኔ አይደለሁም! ምድር ናት! እዩልኝ፣ ምድር ናት!"
ኤርሚንዳ አማተበች። "እሷስ" አለች፣ "አለቀላት።"

ገብቼ መብራት አበራሁ። ራሴ ውስጥ ትዝዝ አለ፣ አንዴ፤
ይበል። እስከ ጥርሴ አልደረሰም፣ አልሸበረኝም እንደ ቀድሞው ልማዴ።
ለነገ ቆጥሬ ያኖርኩት አርባ አንድ ፍሬ ሳህኑ ላይ ተበትኗል።
ቆጠርኩ፤ አርባ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አርባ።
አንዷን ምድር ወስዳለች፤
ዶክተሩ እንዳይሰማ እንጂ፣ እሷም መቀነስ ታውቃለች።